ለወራት የሚመላለስ የሚያሳክክ ሽፍታ፦ ጥያቄና መልስ

በመድኃኒት ቤት የምሠራና ራሴም በዚህ ሕመም ለዓመታት የቆየሁ እንደመሆኔ፣ ለደረሱኝ ጥያቄዎች የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አራት ወር አለፈኝ። ማታ ማታ ሰውነቴ ሳማ እንደነካው ያብጥና ጠዋት ዱካው ይጠፋል። እንቁላል፣ ወተትና በርበሬ ብተውም ለውጥ የለም።

መልስ፦ ሳማን ማንሳትዎ ተገቢ ነው፤ የሕመሙ የሕክምና ስም፣ ኧርቲኬሪያ፣ የመጣው ሳማ ማለት ከሆነው የላቲን ቃል ነው። ከ6 ሳምንት በላይ ሲመላለስ ሥር የሰደደ ይባላል፤ በዚህኛው ዓይነት ምግብ መንስኤ ሆኖ የሚገኘው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። በብዙዎች ላይ የገዛ ሰውነታቸው መከላከያ በቆዳ ውስጥ ያሉትን ማስት ሴል የተባሉ ሕዋሳት ይቀሰቅስና ሂስታሚን የተባለውን የሚያሳክክና የሚያሳብጥ ንጥረ ነገር ያስረጫቸዋል። ስለዚህ አንድን ምግብ በበሉ ቁጥር ወዲያው የሚነሳብዎ ካልሆነ፣ ራስዎን በከንቱ አያስርቡ።

ጥያቄ፦ ለራስ ምታት አይቡፕሮፌን ስወስድ የሚብስብኝ ይመስለኛል።

መልስ፦ አልተሳሳቱም። ሰዎች ምግባቸውን ሲመረምሩ ይህን ይዘነጉታል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ማስታገሻ ነው። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪን በብዙ ሕሙማን ላይ ሽፍታውን ያባብሳሉ፤ ፓራሲታሞል ብዙውን ጊዜ ይስማማል። ለልብ የታዘዘ አስፕሪን ግን ሐኪም ሳያማክሩ አይቋረጥም።

ጥያቄ፦ ቀበቶ የማስርበት ቦታ ለምን ያብጣል?

መልስ፦ ጫና ራሱ ቀስቃሽ ስለሆነ ነው። አንዳንዱ ቆዳ በጥፍር ሲፋቅ ወዲያው ሰንበር ያወጣል፤ በሌላው ላይ እብጠቱ ከሰዓታት በኋላ ይመጣል። እኔ ረፋድ ላይ ከገበያ ዘንቢል በክንዴ አንጠልጥዬ ስመለስ ምንም አይታይብኝም ነበር፤ አመሻሹ ላይ ግን ማንጠልጠያው ያረፈበት ቦታ አብጦ ይቀላል፣ ያቃጥለኛልም። ምክንያቱን እስካውቅ ድረስ በእራቱ ሳመካኝ ኖሬአለሁ። ላላ ያለ ልብስና ሰፊ ማንገቻ ይረዳሉ።

ጥያቄ፦ ጭንቀትስ?

መልስ፦ ያባብሳል፤ የሞቀ ውኃ፣ አልኮልና ጉንፋንም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ ሴትሪዚን የተባለውን የአለርጂ መድኃኒት የምወስደው ሲያሳክከኝ ብቻ ነው፤ ስህተት ነው?

መልስ፦ ለዚህ ሕመም በየቀኑ ሲወሰድ ይሻላል፤ ካልበቃ ሐኪሙ መጠኑን እስከ አራት እጥፍ ሊያሳድገው ይችላል፤ በራስ ግን አይጨመርም። አንዱ እብጠት ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ወይም ሲጠፋ ጠባሳ መሰል ጥቁረት ከተወ የደም ሥር ብግነት ሊሆን ስለሚችል ለቆዳ ሐኪም ይታይ። ምላስ ካበጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ሳይዘገዩ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።