ቁልፉ ሚስማሩ ላይ አለ? ስለ ባይናሪ ሴማፎር ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ ከሰዓት ጎንደር ፒያሳ፣ ከኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ጋር ቡና ይዘን ተቀመጥን። «የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» አልኩ። ጥያቄው ሁሉ አንድ ቦታ አረፈ፦ ባይናሪ ሴማፎርን ሼርድ ሜሞሪ (ፕሮሰሶች የሚጋሩት ሜሞሪ) ውስጥ አስቀምጦ ፕሮሰሶችን፣ ማለትም እየሮጡ ያሉ ፕሮግራሞችን፣ ተራ ማስያዝ። የፋንክሽኖቹን ስም እንደሚነበቡ ነው የጻፍኳቸው።

ጋሼ፣ ሁለት ፕሮሰስ አንድ ቁጥር ላይ ቢደምሩ ምን ችግር አለው? አንድ መደመር እኮ ነው።

ላንተ አንድ ነው። ለማሽኑ ሦስት ነው፤ ያነባል፣ ይደምራል፣ መልሶ ይጽፋል። ቁጥሩ 40 ነው እንበል። አንደኛው 40 አነበበ። እሱ ሳይጽፍ ሁለተኛውም 40 አነበበ። ሁለቱም 41 ጻፉ። አንዱ ድምር የት ገባ? ጠፋ።

ማታ ሞክረው። ሁለት ፕሮሰስ በሚጋሩት አንድ ቁጥር ላይ እያንዳንዳቸው 1,000,000 ጊዜ አንድ አንድ ይደምሩ። ቫሪያብሉን ቮላታይል በለው፣ አለበለዚያ ኮምፓይለሩ ሉፑን አጥፎ ይሸውድሃል። 2,000,000 ትጠብቃለህ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ይመጣል፣ ባስኬድከው ቁጥርም ይለያያል። ክፋቱ፣ 10 ጊዜ ብቻ ብታስደምር ልክ ሊመጣልህ ይችላል። አንተ ጋ ሠርቶ ደንበኛ ፊት የሚያዋርድህ እንዲህ ያለው ነው።

ሴማፎሩ ታዲያ ምን ያደርጋል?

አዘዞ ተከራይቼ የኖርኩበት ግቢ ውስጥ ስድስት ቤት ነበርን፣ ሽንት ቤቱ አንድ። ቁልፉ ግድግዳው ላይ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። ካለ ታነሳለህ፣ ከሌለ ትጠብቃለህ፣ ስትጨርስ መልሰህ ትሰቅላለህ። ባይናሪ ሴማፎር ይኸው ነው። 1 ማለት ቁልፉ ተሰቅሏል፣ 0 ማለት ተወስዷል። ማንሳቱ ሴም ዌይት፣ መስቀሉ ሴም ፖስት።

ሐሳቡ የሆላንዳዊው የኤድስገር ዳይክስትራ ነው፣ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጀመሪያ። ሁለቱን ሥራዎች ፒ እና ቪ ብሎ ነበር የጠራቸው። መማሪያ መጽሐፍ ላይ ስታገኟቸው ግራ አይግባችሁ። የሚጠብቀው ፕሮሰስ ደግሞ በር ላይ ቆሞ «ወጣ? አልወጣም?» እያለ ሲፒዩ አይበላም። ከርነሉ፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ያስተኛዋል፣ ቁልፉ ሲመለስ ይቀሰቅሰዋል።

እኔ ሴማፎሩን ግሎባል ቫሪያብል አድርጌ ፎርክ አደረግሁ። ሁለቱም አብረው ይገባሉ።

ፎርክ ማለት ፕሮሰሱ ልጅ ፕሮሰስ ሲወልድ ነው፤ ልጁ ደግሞ የራሱን ቅጂ ይዞ ነው የሚወጣው። ሁለት ግቢ፣ ሁለት ሚስማር፣ ሁለት ቁልፍ። ማን ማንን ይጠብቃል? ሴማፎሩ ራሱ የጋራው ሜሞሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ወላጅና ልጅ ከሆኑ ከፎርኩ በፊት ኤምማፕን (ሜሞሪ የሚያስይዘውን ጥሪ) በማፕ ሼርድና በማፕ አኖኒመስ መጥራት ይበቃል። ዝምድና ለሌላቸው ፕሮግራሞች በኤስኤችኤም ኦፕን ትከፍቻለሽ፣ በኤፍትራንኬት መጠኑን ትሰጫለሽ፣ ከዚያ ኤምማፕ።

ቀጥሎ ሴም ኢኒት። እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ሁለተኛው አርጉመንት፣ ፒሼርድ የሚባለው፣ ዜሮ መሆን የለበትም፤ 1 ስጡት። ሦስተኛው መነሻው ነው፣ እሱም 1። ፒሼርድን 0 ካደረጋችሁት ሊኑክስ ላይ የሚሠራ ይመስላል። ቁጥሩ ይወርዳል፣ ይወጣል። የተኛውን ግን የሚቀሰቅሰው ጥሪ ወደ ሌላው ፕሮሰስ አይሻገርም። ቁልፉ ተሰቅሎ እያለ ሰውዬው ተኝቶ ይቀራል። እኔ በዚህ ሁለት ቀን ተቃጥያለሁ።

ሴም ኢኒትን ሁለቱም ፕሮግራሞች ይጥሩት?

ኧረ በፍጹም! አንዱ ብቻ። አንዱ ውስጥ ገብቶ ሳለ ሌላው ኢኒት ቢያደርግ አዲስ ቁልፍ እንደ መስቀል ነው። ሜሞሪውን ስትከፍቱ ኦ ክሪየትን ከኦ ኤክስክል ጋር አድርጉት። ቀድሞ የፈጠረው ኢኒት ያደርጋል፣ ሌላው «አለ» የሚል ስህተት ይመለስለታል። ግን ፈጣሪው ኢኒቱን ሳይጨርስ ሌላው ሊደርስ ይችላል። ይህ ራስ ምታት ከሆነባችሁ ስም ያለውን ሴማፎር፣ ሴም ኦፕንን፣ ተጠቀሙ። መፍጠሩንና መነሻ ዋጋውን አንድ ላይ ይጨርስላችኋል። ማክ ላይማ ምርጫም የላችሁ፤ ሴም ኢኒት እዚያ አይሠራም።

ቁልፉን እንደያዘ ፕሮሰሱ ቢሞትስ?

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ከተከራዮቹ አንዱ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ረስቶ ባሕር ዳር ሄደ። የሆነውን አልነግራችሁም።

ሴማፎር የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ማን እንደያዘው አያውቅም። ፕሮሰሱን በኪል ዘጠኝ፣ በግድ በሚገድለው ትእዛዝ፣ ብትገድሉት ቁጥሩ 0 ሆኖ ይቀራል፣ የቀሩትም ለዘላለም ይጠብቃሉ። ሴም ታይምድዌይት ጊዜ ገደብ ይሰጣችኋል፣ ግን «ጊዜው አለፈ» ከማለት በቀር ያዡ ይሙት ይኑር አይነግራችሁም። ቁልፍ ያዡ ሊሞት የሚችልበት ሥራ ከሆነ እኔ ሴማፎር አልመርጥም። ሮበስት የተባለውን ሚውቴክስ (ያዡን የሚያውቅ መቆለፊያ) በፒሼርድ አድርጋችሁ የጋራው ሜሞሪ ውስጥ አስቀምጡት። ያዡ ሲሞት ቀጣዩ «ባለቤቱ ሞቷል» የሚል ምላሽ ይዞ ይገባል። ዳታው ግማሽ ተጽፎ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ አስተካክሉ።

መብራት ቢጠፋስ ጋሼ?

መብራት ይሻላል! ሊኑክስ ላይ ያ ሁሉ ራም ውስጥ ነው ያለው፤ ማሽኑ ሲነሳ ሁሉም ባዶ ነው።

በስህተት ሴም ፖስትን ሁለት ጊዜ ብጠራ?

ቁጥሩ 2 ይሆናል፣ ሁለት ሰው አብሮ ይገባል። የፖዚክስ (የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የጋራ መስፈርት) ሴማፎር ቆጣሪ ነው፤ «ባይናሪ» የሚያደርገው የእናንተ ጠባይ ነው። ያልወሰደ ሰውም መስቀል ይችላል። ይህ ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም። መነሻውን 0 አድርጋችሁ አንዱ «ዳታው ደርሷል» ብሎ ሌላውን እንዲቀሰቅስ ማድረግ ትችላላችሁ።

የኔ ፕሮግራም አሁንም ቆሟል። ምን ልይ?

ላፕቶፕሽን አምጪው። ቆመ የምትይው ፕሮሰስ እየሮጠ ሳለ በሴም ጌትቫልዩ ቁጥሩን እንይ። 0 ከሆነ ማን ይዞ እንደቀረ እንፈልጋለን። 1 ከሆነ ፒሼርድሽን አሳዪኝ።

0 ነበር። ሴም ዌይት ካለች በኋላ ፋይሉ ካልተከፈተ ሪተርን ብላ ከፋንክሽኑ ትወጣለች፣ ሴም ፖስት ግን ከሪተርኑ በታች ነው የተጻፈው።