ቅዱሱ ሴቲቱን ወደ ሐይቅ ወረወራት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። የምኖረው በአየርላንድ፣ ደብሊን ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ስለ ግሌንዳሎክ ቅዱስ፣ ስለ ኬቨን የሚያስቅ የሕዝብ ዘፈን ይዘፍናሉ። ቅዱሱ ዓሣ ሲያጠምድ ካትሊን የምትባል ልጅ ትመጣለች። ያባርራታል። ወደ ዋሻው ሲመለስ ግን ቀድማው ገብታ ሳህኖቹን ስትወለውል ያገኛታል፤ ይዞ ሐይቅ ውስጥ ይወረውራታል፤ ትሰጥማለች። ሁሉም ይስቃል። እኔ ግን ቅዱሱን አደነቅሁት። ፈተና መቆረጥ ያለበት እንዲህ ነው ብዬ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ያሉትን እኅቶች ሰላም ማለት ከተውሁ ሁለት ወር ሆነኝ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ልጄ፣ የሳቁት ባልደረቦችህ አላሳሰቡኝም፤ ያልሳቅኸው አንተ አሳሰብኸኝ። እነርሱ የሚስቁት መነኩሴ ሰው አንሥቶ ውኃ ውስጥ እንደማይጥል ስለሚያውቁ ነው። አንተ ቀልዱን ገድል አድርገህ ተቀበልኸው።

ቅዱስ ኬቨን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ618 እንዳረፈ ይነገራል። ዘመኑ እኛና ምዕራባውያን ከተለያየንበት ከኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ ስለሆነ በእኛ ስንክሳር አታገኘውም። ታሪኩ ግን ከአንድ አፍ ወደ ሌላው ሲሻገር ምን እንደደረሰበት ማወቅ ይጠቅምሃል። በላቲን በተጻፈው ጥንታዊ ገድሉ ልጅቱ ስም የላትም፤ ሐይቅም የለም። በጫካ ብቻውን ስታገኘው ታቅፈዋለች፤ ከእጇ አምልጦ ይሮጣል፤ ሳማ ነቅሎም ፊቷንና እጆቿን ይለበልባታል። መለብለቡን እንድታደንቅ አልነግርህም። መጨረሻውን ግን ተመልከት፦ ተንበርክካ ይቅርታ ትለምናለች፣ እርሱም ይጸልይላታል፣ ድንግልናዋን ለእግዚአብሔር ትሰጣለች። በ19ኛው መቶ ዓመት ገጣሚው ቶማስ ሙር ካትሊን ብሎ ጠርቷት ከገደል አስወረወራት፤ እዚያም ቢሆን ቅዱሱ ዘግይቶ ያዝናል፣ ነፍሷን ይማር ይላል። የአንተ ባልደረቦች በሚዘፍኑት ግን ጸሎቱም ኀዘኑም ወድቀው ውርወራው ብቻ ቀርቷል። አንተም ከዚህ ሁሉ ያነሣኸው እርሱኑ ነው።

ስለዚያው መነኩሴ ሌላም ይተረካል። በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የዌልሱ ካህን ጄራልድ እንደጻፈው፣ ቅዱስ ኬቨን በዐቢይ ጾም በትንሽ ጎጆው ሆኖ እጁን በመስኮት ወደ ሰማይ ዘርግቶ ሲጸልይ ወፍ መጥታ በመዳፉ ላይ እንቁላል ጣለች። እጁን አልሰበሰበም፤ ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ድረስ ዘርግቶ ቆየ። ከዓይኑ እንባ ለተጠማች ወፍ ያጠጣትን አባታችንን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን እያሰብህ ስማው። ለወፍ ጎጆ ሆኖ የቆየ እጅ የእግዚአብሔርን አርአያ የለበሰችን ሴት ወርውሮ ያሰጥማል? ሕዝቡ ሁለቱንም ታሪክ ስለ አንድ ሰው ያወራል፤ አንተ የትኛውን እጅ እንደምትመስል ምረጥ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ይህን ስሕተት ስንት ጊዜ እንዳየሁት ልነግርህ አልችልም። አብነት ተማሪ ሆኜ እኔም ራሴ ነበረብኝ፤ ውኃ ልትቀዳ የምትወርድ ሴት ሳይ ፊቴን አዙሬ አልፍ ነበር፣ ይህንንም ንጽሕና እለው ነበር። የኔታ ጠርተው፣ «ፊትህን አዞርህ፤ ልብህንስ ወዴት አዞርኸው?» አሉኝ። ልቤ ከሴትዮዋ ጋር ወንዝ ወርዶ ነበር።

ጌታ «ቀኝ እጅህም ብታሰናክልህ ቆርጠህ ከአንተ ጣላት» አለ (ማቴ. 5፥30)። እጅህን አለ፤ የጎረቤትህን ልጅ አላለም። የሚቆረጠው የአንተ ነው። ፈተናው በእኅትህ ላይ የተቀመጠ የሚመስለው ሰው፣ «ከእኔ ጋር እንድትሆን የሰጠኸኝ ሴት» ብሎ ያመካኘውን የአዳምን ቃል እየደገመ ነው፤ አዳም ያን ሲናገር ራቁቱን ተደብቆ እንደነበር አትርሳ።

ዮሴፍን እይ። የጲጥፋራ ሚስት ልብሱን ስትይዘው ልብሱን ትቶላት ሸሸ (ዘፍ. 39፥12)። መታት፣ ገፈተራት አይልም። ልብሱን ከሰረ፣ ስሙን ከሰረ፣ እስር ቤት ገባ፤ እርሷ ግን በእርሱ እጅ አንዳች ክፉ አላገኛትም። አባ ዞሲማስም በበረሃ ግብፃዊቷን ማርያምን ራቁቷን ሲያገኛት የወረወረው መጎናጸፊያውን ነው፤ እንድትሸፈንበት። ከዚያ እንድትባርከው ለመናት፤ ካህኑ እርሱ ሆኖ ሳለ! እነዚህ ሁለት ሰዎች ከሴት ፊት የሸሹትም የቀረቡትም በገዛ ልብሳቸው ከስረው ነው።

እኅቶችህ ምን አጠፉ? አንዷ በሥራ ደክማ የመጣች፣ አንዷ እናቷን አገር ቤት ጥላ የምታለቅስ ትሆናለች። የወንድም ሰላምታ ይናፍቃታል። አንተ በሁለት ወር ዝምታ ያለ ጥፋቷ ስትቀጣት ቆይተሃል። ለዚህ ምሕረት እንጂ ምስጋና አትጠብቅ።

የሚያስቸግርህ ሐሳብ ካለ፣ እንዳለ ይገባኛል፣ በወጣትነት ያለ ነው፣ ለንስሐ አባትህ ብቻህን ሆነህ ንገራቸው። ቀኖና ከሰጡህ በአንተ ጉልበትና በአንተ ሆድ ላይ ፈጽመው። እኅቶችህን ግን በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቀርበህ «ይቅር በሉኝ፣ ሰላምታ ነፍጌአችሁ ነበር» በላቸው። ምክንያቱን አትዘርዝር፤ ምክንያቱን መስማት እነርሱን ይጎዳል። ምን እንዳሉህም ጻፍልኝ።