ታብሌቱ ፉል ኤችዲ ነው፤ ፊልሙ ለምን ይደበዝዛል?

ጥያቄ፦ በርካሽ የገዛሁት ባለ 10 ኢንች ታብሌት ስክሪኑ 1920 በ1200 ነው። ዩቲዩብ ላይ ምስሉ ጥርት ይላል፤ ኔትፍሊክስ ስከፍት ግን ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ኢንተርኔቴ ፈጣን ነው። ችግሩ የስክሪኑ ነው ወይስ የአፑ?

መልስ፦ የሁለቱም አይደለም። ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ፊልም እንዳይቀዳ ቆልፈው ነው የሚልኩት። አንድሮይድ ላይ ቁልፉን የሚፈታው ዋይድቫይን የሚባለው የጉግል ሥርዓት ሲሆን ደረጃዎች አሉት። ኤል1 ያለው ታብሌት ፊልሙን የሚፈታው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ለብቻው በተከለለ ክፍል ስለሆነ ከፍተኛ ጥራት ሊለቀቅለት ይችላል። ኤል3 ላይ ግን ሥራው የሚካሄደው በሶፍትዌር ብቻ ነው፤ ለመቅዳት ስለሚያመች ኔትፍሊክስ ከ480 መስመር አያሳልፈውም። 480 መስመር በእርስዎ ሰፊ ስክሪን ላይ ሲለጠጥ ያ ጭጋግ ይመጣል። ተራዎቹ የዩቲዩብ ቪዲዮዎች ይህ ቁልፍ የለባቸውም፤ ጥርት የሚሉትም ለዚህ ነው።

ለማረጋገጥ ኔትፍሊክስ አፕ ውስጥ "አፕ ሴቲንግስ" ገብተው "ፕሌይባክ ስፔሲፊኬሽን" የሚለውን ይንኩ። የዋይድቫይን ደረጃውና የተፈቀደልዎት ከፍተኛ ጥራት እዚያው ተጽፏል። ደረጃው ኤል1 ሆኖ ጥራቱ ኤስዲ (ዝቅተኛው ጥራት) ከሆነ፣ ኔትፍሊክስ ያንን ሞዴል ለኤችዲ አላጸደቀውም ማለት ነው፤ ኤል1 ብቻውን አይበቃም። ኤል3 ከሆነ ግን የኤል1 ቁልፍ የሚገባው በአምራቹ በኩል ስለሆነ በአፕ አይስተካከልም። "ኤል3ን ወደ ኤል1 እንቀይራለን" የሚሉ አፖችን እባክዎ አይጫኑ። ታብሌቱን ሩት ማድረግም (የአንድሮይድን ጥበቃ ሰብሮ ሙሉ ቁጥጥር መውሰድ) አይጠቅምም፤ እንዲያውም ኤል1 የነበረውን አንዳንድ ታብሌት ወደ ኤል3 ያወርደዋል። ገና ለመግዛት ያሰባችሁ አንባቢዎች ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የዋይድቫይን ደረጃውን እዩ። ካርቶን ላይ "ፉል ኤችዲ" ተብሎ የሚጻፈው ስለ ስክሪኑ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ከኮምፒውተር የገለበጥኩት አንዱ ፊልም ምስል አለው፣ ድምፅ የለውም። ሌላው ደግሞ ይቆራረጣል፤ ታብሌቱም ከጀርባው ይግላል። ሁለቱም ፋይሎች ኤምኬቪ ናቸው።

መልስ፦ ኤምኬቪ ከረጢት ነው። ምስሉ፣ ድምፁና ሰብታይትሉ ለየብቻ ተጠቅልለው ይገቡበታል፤ ስለዚህ የፋይሉ ስም አንድ ዓይነት መሆኑ ስለ ውስጡ ምንም አይነግርዎትም። ድምፅ የሌለው ፋይል ብዙውን ጊዜ ድምፁ የተጨመቀው ኤሲ3 ወይም ዲቲኤስ በሚባል ዘዴ ነው። እነዚህ የፈቃድ ክፍያ ሲጠየቅባቸው የኖሩ ናቸውና ብዙ የርካሽ ታብሌት አምራቾች አያስገቧቸውም። ቪኤልሲ የሚባለውን የቪዲዮ ማጫወቻ አፕ ይጫኑ፤ መፍቻውን ራሱ ይዞ ስለሚመጣ ድምፁ ወዲያው ይሰማል።

የሚቆራረጠው ግን ከበድ ይላል። ምስሉ በኤች265 ባለ 10 ቢት ወይም በኤቪ1 ተጨምቆ፣ የታብሌቱ ቺፕ ደግሞ ለዚያ የተሠራ መፍቻ ከሌለው፣ ሸክሙ በሙሉ ዋናው ፕሮሰሰር ላይ ይወድቃል። ሙቀቱም የባትሪው ቶሎ ማለቅም ከዚህ ይመጣሉ። ቪኤልሲ ውስጥ የፊልሙን መረጃ ሲከፍቱ ኮዴኩን (የተጨመቀበትን ዘዴ) ያያሉ። መፍትሔው ፋይሉን መቀየር ነው፦ ኮምፒውተር ላይ ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፊልሙን ይክፈቱ፣ "ፋስት 720ፒ30" የሚለውን ይምረጡና ያስጀምሩት። ምስሉ ወደ ኤች264፣ ድምፁ ወደ ኤኤሲ ስለሚለወጥ ሁለቱም ችግሮች አብረው ይወገዳሉ። ስክሪንዎ 1280 በ800 ከሆነ ከ720 በላይ ቢያስቀሩም ዓይንዎ የሚያገኘው ትርፍ የለም። ከላይና ከታች የሚቀሩት 40፣ 40 ነጥብ ጥቁር መስመሮችም ብልሽት አይደሉም፤ ፊልሙ 16 በ9፣ ስክሪኑ 16 በ10 ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ 5 ጊጋባይት የሚሆን ፊልም ወደ ሚሞሪ ካርዴ አልገለበጥ አለኝ። ካርዱ ባዶ ነው።

መልስ፦ ካርዱ ፋት32 ነው። በዚህ ፎርማት አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት ሊሞላ አይችልም፤ ካርዱ የቱንም ያህል ባዶ ቢሆን ልዩነት የለውም። ያለዎትን ሌላ ቦታ ያስቀምጡና ኮምፒውተር ላይ በኤክስፋት ፎርማት ያድርጉት። ካርዱን መልሰው ሲያስገቡ ታብሌቱ "ካርዱ አይሠራም፣ ፎርማት ይደረግ?" ካለዎት ኤክስፋትን አያነብም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ፋት32 ይመለሱና ፊልሙን በሃንድብሬክ ያሳንሱት። አንድሮይድ ካርዱን በምን መልክ እንደሚጠቀምበት ከጠየቀዎት "ፖርተብል" የሚለውን ይምረጡ። "ኢንተርናል" ካሉት ያለውን አጥፍቶ ከዚያ ታብሌት ጋር ይቆልፈዋል፤ ሌላ መሣሪያ ላይ አይነበብም።

ጥያቄ፦ ካርቶኑ 8 ጊጋባይት ራም ይላል፤ ሴቲንግ ውስጥ ግን 4 ነው።

መልስ፦ ካርቶኑ ላይ በትንሽ ፊደል "4+4" የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ። ሁለተኛው 4 ከስቶሬጁ ተቆርሶ ራም የተባለ ነው፤ ፍጥነቱም የስቶሬጅ ነው። ስቶሬጅዎ እየሞላ ከሆነ ይህን ተጨማሪ ራም ያጥፉትና ታብሌቱን ሪስታርት ያድርጉት፤ ቦታው ይመለስልዎታል።

ጥያቄ፦ ቻርጅ ላይ ሰክቼ ፊልም ሳይ ባትሪው ንቅንቅ አይልም።

መልስ፦ ቻርጀሩ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን "አውትፑት" ያንብቡ። 5 ቮልት 1 አምፔር ከሆነ 5 ዋት ነው፤ ስክሪኑና ዋይፋዩ አብዛኛውን ይበሉታል። 5000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ በ3.7 ቮልት 18.5 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ታብሌቱ ጠፍቶ እንኳ በ5 ዋት ለመሙላት ብክነቱ ሲታሰብ ከ4 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ታብሌቱ የሚቀበል ከሆነ 5 ቮልት 2 አምፔር ቻርጀር ይጠቀሙ። ካልተሻለው ኬብሉን ይቀይሩ፤ ሽቦው ቀጭንና ረጅም ከሆነ ቮልቱ መንገድ ላይ ይወርዳል።