«እንጨት ተምረሽ ምን ልትሆኚ?» ላሉሽ

በኬሚካል ምህንድስና ከተመረቅሽ ሁለት ዓመት ሆኖሻል። አዲስ አበባ ውስጥ ካርቶን ፋብሪካ ገብተሽ በጥራት ቁጥጥር ትሠሪያለሽ። አሁን በእንጨት ሳይንስና ወረቀት ቴክኖሎጂ ማስተርስ መማር አምሮሻል። ቤተሰብ ግን «እንጨት ተምረሽ ምን ልትሆኚ?» ይልሻል። ልማር ወይስ ይቅርብኝ? ብለሽ ጠይቀሽኛል።

እህቴ፣ ብትማሪ ጥሩ ነው የምልሽ። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ለይተሽ እወቂ። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ውስጡ ሁለት ሙያ ነው።

አንደኛው እንጨቱን ሳያፈርስ የሚሠራ ነው። ጣውላ ለምን ይጣመማል? እርጥበቱ እስከ ስንት ይውረድ? ኮምፔርሳቶና ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ክር ተጨምቆ የሚሠራው ሰሌዳ) በምን ሙጫ ይያያዙ? ሁለተኛው እንጨቱን አፍርሶ ክሩን (ፋይበሩን) ያወጣል። እንጨት ውስጥ ክሮቹን አጣብቆ የሚይዝ ሊግኒን የሚባል ነገር አለ። በክራፍት ዘዴ፣ የተከተፈው እንጨት ከኮስቲክ ሶዳና ከሶዲየም ሰልፋይድ ጋር በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ይቀቀላል። ሊግኒኑ ይሟሟል፣ ክሩ ይቀራል። ፐልፕ የምንለው ይሄንኑ ነው። ለአንቺ የሚቀርብሽ ይሄኛው ነው፤ ግማሹን በመጀመሪያ ዲግሪሽ ጀምረሽዋል።

ሥራውስ? እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን። እኛ አገር ወረቀት ሲሠራ የኖረው በአብዛኛው ከውጭ በሚገባ ፐልፕና ባገለገለ ወረቀት ነው። የወንጂው ወረቀት ፋብሪካም ፐልፑን ሲያስመጣ ነው የቆየው። እንጨት የሚቀቅል ትልቅ ፋብሪካ ይቀጥረኛል ብለሽ ከተማርሽ ልታዝኚ ትችያለሽ። ማሸጊያው ላይ ግን ሥራ አለ። አንቺም ያለሽው እዚያው ነው።

ደብዳቤሽ ላይ በጣም የወደድኩት፣ ክረምት ሲገባ ካርቶኑ እየለሰለሰ ደንበኛ ይመልስብናል ያልሽውን ነው። ይሄ ራሱ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ነው! ወረቀት እርጥበት ሲጠጣ በክሮቹ መካከል ያለው ትስስር ይላላል። ያገለገለ ወረቀት ደግሞ በተመላለሰ ቁጥር ክሩ እያጠረና እየደከመ ይሄዳል። የባሕር ዛፍ ክር ርዝመቱ ወደ 1 ሚሊሜትር ነው፤ የፓይን ወደ 3። ታዲያ ምን ያህል ረጅም ክር ቢቀላቀል፣ ማጠንከሪያው ስታርች ምን ያህል ቢሆን ካርቶኑ ክረምቱን ይችላል? ይሄን የሚመልስ ሰው ፋብሪካ አይለቀውም።

የእንጨቱን በኩል ግን አትናቂው። ባሕር ዛፍ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በየደጃችን አለ፤ አብዛኛው ግን ማገዶና አጣና ሆኖ ያልቃል። ሲሰነጠቅና ሲደርቅ ስለሚጣመምና ስለሚፈነዳ ጣውላ ማድረጉ ያስቸግራል። አደራረቁን በደንብ የሚያውቅ ባለሙያ ለአናጺውም ለገበሬውም ይጠቅማል። ቀርከሃውም አለ።

ትምህርት ቤት ስትመርጪ ስሙን ሳይሆን የኮርስ ዝርዝሩን አንብቢ። ሕንድ ዴህራዱን ያለው የደን ምርምር ተቋም የእንጨቱን ሳይንስ ያስተምራል። እዚያው ሕንድ፣ ሳሃራንፑር ያለው የሩርኪ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ካምፓስ በወረቀት የታወቀ ነው። ፈረንሳይ ግሬኖብል ከ1907 ጀምሮ የወረቀት መሐንዲሶች ይሠለጥናሉ። አገር ቤት ከሆነ ወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ሄደሽ መምህራኑን አነጋግሪ። ስኮላርሺፕ ስለተገኘ ብቻ የማትፈልጊው ክፍል እንዳትገቢ አደራ። ብዙ ልጆች እንደዚያ ሄደው ሲቆጩ አይቻለሁ።

ለጊዜው ሥራሽን አትልቀቂ። የተመለሱትን ካርቶኖች ቀን፣ የወረቀቱን ዓይነትና የመጋዘኑን እርጥበት መዝግቢ። ከዚያ በአንድ ገጽ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ማመልከቻሽን ከእሱ ተነስተን አብረን እንጽፋለን።