መልስ፦ ኔትወርክ ሳይኖር የቪምን ሄልፕ መጠቀም

ወንድሜ፣ ኮዬ ፈጬ ሰፈር ኔት ሲጠፋ የቪም (ጽሑፍና ኮድ መጻፊያው ፕሮግራም) ትእዛዝ ከየት ልፈልግ ላልከው፦ ኔት አያስፈልግህም፤ መመሪያው እዚያው ኮምፒውተርህ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ኪቦርድህን ወደ እንግሊዝኛ መልስ። አማርኛ ላይ ከሆነ ቪም ፊደሉን እንደ ትእዛዝ አያውቀውም፤ ብዙ ሰው «ተበላሸ» የሚለው እዚህ ጋ ነው። ከዚያ ኤስኬፕ፣ ኮለን፣ ሄልፕ፣ ኢንተር። ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል፤ ለመዝጋት ኮለን ኪው። ቀለም ያለው ቃል ላይ ቆመህ ኮንትሮልን ከቀኝ ማዕዘን ቅንፍ ጋር (ከፒ በስተቀኝ ሁለተኛው ቁልፍ) ስትጫን ወደ ማብራሪያው ይወስድሃል፤ ኮንትሮል ኦ ይመልስሃል።

የሚያስቸግረው ርእሱን በትክክል መጻፉ ነው። ሄልፕ ደብሊው ካልክ የኖርማል ሞዱን (ቁልፎች እንደ ትእዛዝ የሚሠሩበትን) ደብሊው ያሳይሃል። የኢንሰርት ሞድ (ጽሑፍ የምትጽፍበት) ቁልፍ ከሆነ ከፊቱ አይ እና የታች ሰረዝ ጨምር፤ እንደ ነምበር (የመስመር ቁጥር ማሳያው) ያለ ኦፕሽን፣ ማለትም የቪም ማስተካከያ፣ ከሆነ ደግሞ በነጠላ ጥቅስ ውስጥ አስገባው። ስሙን በከፊል ብቻ ካወቅህ ከሄልፕ ቀጥሎ ያወቅኸውን ጽፈህ፣ ኢንተር ሳትነካ፣ ኮንትሮል ዲ፤ ተዛማጆቹን ይዘረዝርልሃል። ሄልፕግሬፕ የሚለው ትእዛዝ ግን፣ ከኋላው የምትፈልገውን ቃል ስትጽፍ፣ ርእስ ብቻ ሳይሆን መላውን ጽሑፍ ይፈትሻል፤ ቀጣዩን ውጤት በኮለን ሲኔክስት ታያለህ።

ሄልፕ ብለህ «አልተጫነም» የሚል አጭር ማስታወሻ ብቻ ከመጣ፣ ኡቡንቱህ (የኮምፒውተርህ ስርዓተ ክወና) ላይ ያለው ቪም ታይኒ፣ ማለትም መመሪያው የሌለበት ትንሹ ቪም ነው። ኔት ሲመለስ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ሱዶ አፕት ኢንስቶል ቪም በል። ለጀማሪ ግን ከሁሉ በፊት ተርሚናል ላይ ቪምቲዩተር (የቪም መለማመጃ ትምህርት) በል፤ 30 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል።