ኳርተርባክ ሲሮጥ ይሻላል ወይስ ቆሞ ሲወረውር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ አሜሪካን ፉትቦል የደረሱንን ጥያቄዎች አንድ ላይ ለመመለስ ብለን ለዚህ እትም አቆይተናቸው ነበር። አብዛኞቹ ከዋሽንግተንና ከባልቲሞር አካባቢ የመጡ ናቸው፤ ከአዲስ አበባ የተላከም አለ። ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ኳርተርባክ የምንለው የቡድኑን ማጥቃት የሚመራውንና ኳሱን የሚወረውረውን ተጫዋች ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የባልቲሞር ሬቨንስ ደጋፊ ነኝ። ላማር ጃክሰንን የሚያህል ኳርተርባክ የለም ባይ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ «ቶም ብሬዲ ሳይሮጥ 7 ሱፐር ቦውል (የሊጉን የፍጻሜ ዋንጫ) በልቷል፤ ሩጫ ለታይታ ነው» እያለ ያበሽቀኛል። እስኪ ፍረዱን። (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ዋንጫ በመቁጠር ወንድምዎ ያሸንፉዎታል፤ «ለታይታ ነው» ያሉት ግን አያስኬድም። ብሬዲ በ23 የውድድር ዘመን በሩጫ ያገኘው ተደምሮ 1,123 ያርድ ነው። ላማር በ2019 ብቻ 1,206 ያርድ ሮጧል፤ በአንድ ሩጫ በአማካይ ወደ 7 ያርድ ይጠጋል። በ4 ሙከራ 10 ያርድ በሚጠየቅበት ጨዋታ ይህ ቀልድ አይደለም።

ለክርክርዎ የሚጠቅምዎት ቁጥር ግን ሌላ ነው። ላማር በዚያው ዓመት 36 የታችዳውን (እስከ ተጋጣሚው መጨረሻ መስመር ደርሶ ነጥብ የሚያስገኝ) ኳስ ወርውሮ ከሊጉ አንደኛ ነበር። መራጮቹ ኤምቪፒውን (የምርጥ ተጫዋች ሽልማቱን) በሙሉ ድምፅ የሰጡት ለእግሩ ብቻ ብለው አይደለም። እስከ 2024 ድረስ በአንድ የውድድር ዘመን ከ1,000 ያርድ በላይ የሮጡ ኳርተርባኮች ሦስት ናቸው። መጀመሪያ በ2006 ማይክል ቪክ 1,039 ሮጠ፤ ቡድኑ አትላንታ 7 አሸንፎ 9 ተሸነፈ። ላማር በ2019ም በ2020ም አደረገው። በ2022 ጀስቲን ፊልድስ 1,143 ሲሮጥ ቺካጎ 3 ብቻ አሸንፎ 14 ተሸነፈ። የላማር ሬቨንስ ግን በ2019 14 አሸንፎ የተሸነፈው 2 ብቻ ነው። የሩጫው ቁጥር ተቀራራቢ ሆኖ ውጤቱ የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀው በውርወራው ምክንያት ነው።

የወንድምዎ ስጋት የታየበትን ቀንም እንጥቀስ። በጥር 2020 ሬቨንስ በፕሌይኦፍ (በጥሎ ማለፉ) በቴኔሲ ታይታንስ 28 ለ12 ተሸነፈ። ላማር 143 ያርድ ሮጧል፤ ማንም ሯጭ ቢሆን የሚኮራበት ነው። ነገር ግን ቡድኑ ገና በጊዜ ስለተመራ 59 ጊዜ መወርወር ነበረበት። ሯጩ ሜዳ ውስጥ ሲወድቅ ሰዓቱ መቁጠሩን ይቀጥላል፤ ያልተያዘ ኳስ ግን ሰዓቱን ያቆማል። ስለዚህ የተመራ ቡድን ወደደም ጠላም ይወረውራል። በዚያ ምሽት አራተኛ ዳውን (አራተኛው ሙከራ) ላይ 1 ያርድ ብቻ ሲቀር ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለቱንም ጊዜ ቆሟል።

የኛን ፍርድ ከፈለጉ፦ አንድ ችሎታ ብቻ ምረጡ ብንባል ፖኬት ውስጥ (አጋጆቹ ከበው በሚጠብቁለት ቦታ) ቆሞ የሚወረውረውን እንወስዳለን። ያንን የሚችል ሆኖ በላዩ ላይ መሮጥ ከጨመረ ግን ከብሬዲ ዓይነቱ ይልቅ እሱን ማስቆም ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ጨዋታውን ማየት የጀመርኩት በቅርቡ ነው። ኳርተርባኩ አንድ ሰው ነው፤ ሮጠም አልሮጠም ተከላካዮቹን ይህን ያህል የሚያስጨንቃቸው ለምንድን ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ነገሩ የሒሳብ ነው። በሁለቱም ወገን 11 ሰው አለ። የማይሮጥ ኳርተርባክ ኳሱን ለራኒንግ ባኩ (ኳስ ይዞ ለሚሮጠው ተጫዋች) ካቀበለ በኋላ ተመልካች ይሆናል። ኳሱን የያዘው ደግሞ ራሱ ተከላካይ ማገድ አይችልም። ለ11 ተከላካይ የሚቀሩት 9 አጋጆች ናቸው ማለት ነው፤ ሁለት ተከላካይ ነፃ ይሆናል። ኳርተርባኩ ራሱ የሚሮጥ ከሆነ ራኒንግ ባኩም ማገድ ስለሚችል አጋጆቹ 10 ይሆናሉ።

ከዚህ የመጣው ዞን ሪድ የሚባለው አጨዋወት ነው። ኳርተርባኩ ጨዋታው ከሚጀመርበት መስመር 5 ያርድ ያህል ወደ ኋላ ይቆማል። አጋጆቹ በአንድ በኩል ዳር የቆመውን ተከላካይ ሆን ብለው ሳይነኩት ያልፉታል። ኳርተርባኩ ኳሱን ራኒንግ ባኩ ሆድ ላይ አስገብቶ ሳይለቅ ዓይኑን ያልታገደው ሰው ላይ ያደርጋል። ያ ሰው ትከሻውን ወደ ውስጥ አዙሮ ራኒንግ ባኩን ማሳደድ ከጀመረ ኳርተርባኩ ኳሱን ነጥቆ ሰውየው በለቀቀው ቦታ ይሮጣል። ሰውየው ቦታውን ይዞ ከጠበቀ ኳሱን ይለቀዋል። ሁሉም በአንድ እርምጃ ውስጥ ያልቃል። ያ ተከላካይ ማንም ሳይነካው ከጨዋታ ወጣ።

የሚበላሽበትም መንገድ አለው። ኳርተርባኩ ቢያመነታ ሁለቱም ኳሱን ይይዙና መሬት ላይ ይወድቃል። ብልጥ ተከላካይ ደግሞ ወጥመድ ይሠራል፤ ዳር ያለው ሰው ሆን ብሎ ወደ ውስጥ ሲገባ ከኋላ ያለው ላይንባከር (ከፊተኞቹ ጀርባ የሚቆመው ተከላካይ) ዞሮ በባዶው ቦታ ይጠብቃል። ዳር ያለውን ብቻ አይቶ የነጠቀ ኳርተርባክ ፊት ለፊት ይጋጨዋል። በሁለተኛ ዓመታቸው ብዙዎቹ ሯጮች የሚቀዘቅዙት ይህን ሁለተኛ ሰው ማየት ሳይለምዱ ቀርተው ነው።

ውርወራ ላይም እንዲሁ ነው። ሦስተኛ ዳውን ላይ 7 ያርድ ቀርቷል እንበል። ተከላካዮቹ እያንዳንዳቸው አንድ ተቀባይ ይዘው ጀርባቸውን ሰጥተው ይሮጣሉ። መሃሉ ሜዳ ባዶ ነው። ብሬዲ ቢሆን ማንም አይጨነቅም፤ ላማር ከሆነ ግን 7 ያርዱ ተሰጠው ማለት ነው። ይህን ለመከላከል አንድ ላይንባከር ኳርተርባኩን ብቻ እንዲጠብቅ ይመድባሉ። ስፓይ ይሉታል። ያ ሰው ተቀባይ አይሸፍንም፣ ወደ ኳርተርባኩም አይገባም። ዳር ያሉት አጥቂዎችም (ኳርተርባኩን ለመያዝ የሚገሰግሱት ተከላካዮች) አልፈውት እንዳይሄዱ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ስለዚህ ጨዋታውን ሲያዩ ኳሱን ትተው ይህን ስፓይ ይፈልጉት፤ ኳርተርባኩ አንድ እርምጃ ሳይሮጥ ምን ያህል እንደጠቀመ ያሳይዎታል።

ጥያቄ፦ እኛ የዋሽንግተን ደጋፊዎች በኳርተርባካችን በሮበርት ግሪፈን ጉዳት አልቅሰናል። አሁን ደግሞ ጄደን ዳኒየልስ ሲሮጥ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይመታል። ሯጭ ኳርተርባክ መሰበሩ አይቀርም አይደል? (ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ ስጋትዎ ይገባናል። ዳኒየልስ በ2024 በጀማሪነቱ 891 ያርድ ሮጦ የጀማሪ ኳርተርባኮችን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ቡድኑንም እስከ ኤንኤፍሲ (ከሊጉ ሁለት ምድቦች አንዱ) ፍጻሜ አደረሰ። በ2025 ግን በጉዳት ብዙ ጨዋታ አመለጠው።

ሆኖም የራስዎን ቡድን ታሪክ ያስታውሱ። ጆ ታይስማን እግሩ የተሰበረው ኅዳር 18 ቀን 1985 ነው። የአሌክስ ስሚዝ እግር የተሰበረው ደግሞ በ2018 በዚያው በኅዳር 18 ነው። ሁለቱም በሳክ (ኳሱን ሳይወረውሩ ተይዘው) ነው የወደቁት፤ ሲሮጡ አልነበረም። ብሬዲ በ2008 በመጀመሪያው ጨዋታ ጉልበቱን የተጎዳው ፖኬት ውስጥ ነው። አሮን ሮጀርስም በ2023 ለጄትስ በተሰለፈ በአራተኛው ጨዋታ እንቅስቃሴ የተረከዙ ጅማት ሲበጠስ የትም አልሮጠም ነበር። ፖኬት ውስጥ ያለ ሰው ዓይኑ ሩቅ ነው፣ አንድ እግሩ መሬት ላይ ተተክሏል፣ ምቱ ከማያየው ወገን ይመጣል። የሚሮጠው ቢያንስ የሚመታውን ሰው ያየዋል።

ልዩነቱ በብዛቱና በሕጉ ላይ ነው። ወርዋሪን ያለአግባብ የመታ 15 ያርድ ይቀጣል። ኳርተርባኩ ኳሱን ይዞ ከሮጠ ግን እንደማንኛውም ሯጭ ይመታል። መከላከያው በእግር በኩል ተንሸራቶ መቀመጥ ነው፤ ያኔ መንካት አይፈቀድም። ኳሱ የሚቆምለት መንሸራተት በጀመረበት እንጂ ተንሸራቶ በደረሰበት ቦታ አይደለም። አንድ ያርድ ለመጨመር ብሎ በግንባሩ የሚወረወር ኳርተርባክ ትርፉን ከኪሳራው ጋር አላስተያየም።

ግሪፈን በ2012 815 ያርድ ሮጧል። በታኅሣሥ ከሬቨንስ ጋር ሲጫወት ጉልበቱን ተመታ። ጥር 6 ቀን 2013 ከሲያትል ጋር እያነከሰ ተጫወተ፤ በመጨረሻም ዝቅ ብሎ የመጣለትን ኳስ ለማንሳት ሲያጎነብስ ጉልበቱ ከዳው። በዚያች ቅጽበት የመታው ሰው አልነበረም። እዚያ ጥፋቱ መሮጡ ሳይሆን የታመመ ጉልበት ይዞ ሜዳ ላይ መቆየቱ ነው እንላለን። ሩጫ የሚያስከፍለው ዕድሜ ነው፤ ብሬዲ የመጨረሻውን ሱፐር ቦውል ሲወስድ 43 ዓመቱ ነበር፤ በፍጥነቱ የሚኖር ሰው እስከዚያ ፍጥነቱን ይዞ አይቆይም።

ጥያቄ፦ ልጄ 15 ዓመቱ ነው፤ በትምህርት ቤቱ ቡድን ኳርተርባክ ነው። ፈጣን ስለሆነ ትንሽ ሲጨናነቅ ተነሥቶ ይሮጣል። አሠልጣኙ «ፖኬት ውስጥ ቆይ» ይለዋል። ቤት ውስጥ በምን ልርዳው? (እናት፣ ከፌርፋክስ)

መልስ፦ አሠልጣኙ ልክ ነው። በዚህ ዕድሜ ከሁሉም ፈጣን ስለሆነ ሩጫው ይሳካለታል፤ ኮሌጅ ሲገባ ግን ላይንባከሮቹም እንደሱ ፈጣን ናቸው።

ስልክዎ ላይ ያለውን የሰዓት መቁጠሪያ ይጠቀሙ። ኳሱን ከተቀበለበት እስከ ለቀቀበት ሁለት ሰከንድ ተኩል ማለፍ የለበትም። ሁለት ሰው በተለያየ ርቀት ያቁሙለት፤ እርስዎ የመጀመሪያው ተይዟል ብለው እጅ ሲያነሱ ወደ ሁለተኛው ዞሮ ይወርውር። መሮጥ የሚፈቀድለት ሁለተኛውም ሲዘጋ ነው። የመጀመሪያውን ብቻ አይቶ መሸሽ ትልቁ መጥፎ ልማድ ነው።

ሁለተኛው ልማድ ወደ ኋላ መሸሽ ነው። ዳር ላይ ያለው አጋጁ አጥቂውን እየገፋ ከኳርተርባኩ ጀርባ እንዲዞር ያደርገዋል፤ ይህን የሚያደርገው ልጁ በቦታው አለ ብሎ ነው። ልጁ ወደ ኋላ ከተንሸራተተ አጥቂው ያለ ድካም ያገኘዋል፤ ሰው ግን የሚወቅሰው አጋጁን ነው። መፍትሔው ሁለት አጭር እርምጃ ወደ ፊት ነው፤ በግራና በቀኝ ሁለት ወንበር አድርገው በመሃል ወደ ፊት እየወጣ፣ ዓይኑን ወደ መሬት ሳይጥል፣ ኳሱን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ ይለማመድ።

መንሸራተት መማር አለበት፤ ብዙ ቤተሰብ ይረሳዋል። እርጥብ ሣር ላይ ይጀምሩት። መጀመሪያ ጥርስ ያለውን የሜዳ ጫማ አውልቆ በተራ ስኒከር ይሞክር፤ ጥርሱ ሣሩን ከያዘ ቁርጭምጭሚት ይጠመዘዛል። ተከላካዩ ሦስት ያርድ ያህል ሲቀረው አንድ እግሩን ከስሩ አጥፎ፣ ሌላውን ዘርግቶ፣ በመቀመጫው ይውረድ። በጉልበቱ አይውረድ። አገጩ ደረቱ ላይ፣ ኳሱም በሁለት ክንዱ ታቅፎ። እጁን ወደ ኋላ መሬት ላይ የሚያሳርፍ ልጅ የእጁን አንጓ ይሰብራል። ወደ ዳር መስመር ሲሮጥ ደግሞ ኳሱ በመስመሩ በኩል ባለው ክንድ ይሁን፤ ቢመታ እንኳ ኳሱ ከተከላካዩ ራቅ ይላል።

ጥያቄ፦ ፖኬት ውስጥ የሚቆመውን እንዴት ነው የሚያሸንፉት? (ከባልቲሞር)

መልስ፦ በመሃል በመግባት። ከዳር የሚመጣ አጥቂን ብሬዲ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጥቶ ያመልጠዋል፤ በመሃል ከመጣ የሚወጣበት የለውም። በየካቲት 2008 18 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ የመጣው የብሬዲ ቡድን ኒው ኢንግላንድ በጃይንትስ 17 ለ14 ሲሸነፍ ብሬዲ 5 ጊዜ ሳክ ተደርጓል። ጃይንትስ አብዛኛውን ጊዜ በ4 ሰው ብቻ እያጠቃ ቀሪዎቹን 7 ተቀባዮች ላይ አሠማራ። ሯጭ ላይ ይህ ዘዴ ይከብዳል። ሆኖም ሯጩ ብዙ ጊዜ ኳሱን ስለሚያቆይ ራሱ ላይ ሳክ ይጠራል። በግራና በቀኝ ዳር ካሉት ሁለት አጋጆች ውጭ ወጥቶ ጨዋታው እስከተጀመረበት መስመር የሚደርስ ኳስ ቢጥል ቅጣት የለም። ፖኬት ውስጥ ሆኖ ተቀባይ በሌለበት ከጣለ ግን ዳውኑም ይቃጠላል፣ 10 ያርድም ወደ ኋላ ይመልሱታል።

ጥያቄ፦ ኢግልስ ጄለን ኸርትስን ከኋላ እየገፉ 1 ያርድ ያገኛሉ። ይህም ሩጫ ተብሎ ይቆጠራል? (ከፊላደልፊያ)

መልስ፦ ይቆጠራል። ፍጥነት ግን አይጠይቅም፤ መሃል ያሉት አጋጆች ዝቅ ብለው መነሣታቸውና የኳርተርባኩ የጭን ጉልበት ነው የሚወስነው። ብሬዲም ያለ ገፊ ይህንኑ ሲያደርግ የተካነ ነበር። በግንቦት 2025 ይህ መግፋት ይከልከል ተብሎ ከ32 ቡድን 22ቱ ደገፉ፤ የሚያስፈልገው 24 ስለነበር ሳይከለከል ቀረ። ኸርትስ የሱፐር ቦውል ኤምቪፒ በሆነበት በየካቲት 2025 ግን 72 ያርድ የሮጠው በመገፋት አይደለም፤ ካንሳስ ሲቲ ተቀባዮቹን ይዞ ጀርባውን በሰጠ ቁጥር መሃሉን ሰንጥቆ ነው።