«ሐበሻ ነኝ እንጂ ጥቁር አይደለሁም»፦ ስለ ዘረኝነትና ስለ ልጆቻችን ትምህርት የጠየቃችሁኝ

ሜሪላንድ ውስጥ ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች የአሜሪካ ታሪክ አስተምራለሁ። ዘንድሮ 14ኛ ዓመቴ ነው። ልደት ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ የትም ብሄድ ወላጆች ጠጋ ብለው ይጠይቁኛል። ልጆቻችን ስለ ቆዳ ቀለምና ስለ ዘረኝነት የሚማሩት ምንድን ነው? እኛስ ቤት ውስጥ ምን እንበላቸው? እስቲ ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ላካችሁልኝ። የቻልኩትን ያህል እነሆ። ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ዓመቷ ነው። «ዛሬ ስለ ሬሲዝም ተማርን» አለችኝ። «ዘረኝነትማ እኛንም አገራችን ላይ ፍዳችንን አሳይቶናል» ብዬ ስለ አገር ቤት አወራኋት። ግራ ተጋብታ አየችኝ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ምንም አላጠፋሽም እህቴ። ቃሉ ነው ያሳሳተሽ። በአማርኛ ዘር የሚዘራው እህል ነው። የትውልድ ሐረግም ነው። ካለፉት 30 ምናምን ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዘር ስንል ብሔር ማለታችን ነው። ልጅሽ የተማረችው ሌላ ነው። ሰውን በቆዳው መድቦ፣ ምድቡን ከላይ እስከ ታች ደርድሮ፣ ድርድሩን በሕግ ስላጸና ሥርዓት ነው የነገሯት። ሁለቱም ያማሉ። ግን አንድ አይደሉም።

እኔ ክፍል ውስጥ ሁሌ የምጀምረው ከአንድ ሕግ ነው። ቨርጂኒያ፣ 1662። በእንግሊዝ ልማድ ልጅ የአባቱን ወገን ይከተል ነበር። የቨርጂኒያ ሕግ አውጪዎች ገለበጡት። ልጅ ባሪያ ወይም ነፃ የሚሆነው እናቱ በሆነችው ነው አሉ። ለምን? ጌቶች ባሪያ ካደረጓቸው ሴቶች ይወልዱ ነበር። በአዲሱ ሕግ ጌታው የወለደው ልጅ የጌታው ንብረት ሆነ። ሊሸጠው ይችላል። ይህን ስናገር ክፍሉ ጸጥ ይላል። የ13 ዓመት ልጆች ናቸው፤ ግን ጥቅሙ እንደቀደመና ሰበቡ በኋላ እንደመጣ ወዲያው ይገባቸዋል።

ልጅሽን መልሰሽ አስቀምጫትና «መጀመሪያ አንቺ የተማርሽውን ንገሪኝ» በያት። እኔ ቤቴ «የቀለም ዘረኝነት» እላለሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ከልጆቼ ጋር ግን ያግባባናል።

ጥያቄ፦ ልጆቼን «ሐበሻ ነን እንጂ ጥቁር አይደለንም» ብዬ ነው ያሳደግኳቸው። አሁን ትልቁ «ብላክ ነኝ» ይላል። እኛ አድዋ ያለን ሕዝብ ነን። ማንነቱ አይጠፋበትም?

መልስ፦ ከሁለት ዓመት በፊት የሆነ ልንገርህ። አንዲት የእኛ ልጅ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ «እኔ ብላክ አይደለሁም፣ ሐበሻ ነኝ» አለች። አጠገቧ የሚቀመጠው ልጅ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ምንም አልተናገረም። ክንዱን ዴስኩ ላይ ከክንዷ ጎን አስቀመጠ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ጠይም ነበሩ። ልጅቷ የሹራቧን እጅጌ ወደ ታች ሳበች።

አልፈርድባትም። እኛ ጋ ቀለም የመልክ መግለጫ ነው። ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እንላለን። የአንድ እናት ልጆች አራቱንም ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ልጅ «ብላክ ነኝ» ሲል እናት «ኧረ አንተ ጠይም ነህ» ትለዋለች። ልጁ ግን ስለ መልኩ አላወራም። ይህ አገር የት እንደመደበው ነው የሚናገረው።

የሚገርም ነገር ልጨምርልህ። ብሉመንባክ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1795 የሰውን ልጅ በአምስት ሲከፍል ለጥቁሮቹ የሰጠው ስም «ኢትዮጵያዊ» ነበር። ነጮቹን «ካውኬዥያን» ብሎ የመደበውም እሱ ነው፤ ያኛው ስም ዛሬም ይሠራበታል። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ላይም «ብላክ» ከሚለው ሳጥን ሥር ከተዘረዘሩት ምሳሌዎች አንዱ ኢትዮጵያዊ ነው።

ሙሉጌታ ስራውን ደግሞ አንርሳው። ሊማር የመጣ የ28 ዓመት ወጣት ነበር። ኖቬምበር 13፣ 1988፣ ፖርትላንድ ኦሪገን፣ ከሚኖርበት ቤት ደጃፍ ላይ ጸጉራቸውን የተላጩ ነጭ ዘረኞች በቤዝቦል ዱላ መትተው ገደሉት። ቆዳውን ነው ያዩት። በ1990 ፍርድ ቤት 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረደ፤ አብዛኛውን እንዲከፍሉ የተፈረደባቸው ገዳዮቹን አነሳስቷል የተባለው የነጭ ዘረኞች ድርጅትና መሪዎቹ ናቸው። ይህን ታሪክ የሚያውቁ የእኛ ልጆች ጥቂት ናቸው። በጣም ያሳዝነኛል።

አድዋን እኔም አስተምራለሁ። ማርች 1፣ 1896፤ በእኛ የካቲት 23፣ 1888። በዚያው 1896፣ ሜይ 18 ላይ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፕሌሲ ጉዳይ «ለየብቻ፣ ግን እኩል» ብሎ መለያየትን ሕጋዊ አደረገ። በመሃል ሦስት ወር እንኳ የለም። ሁለቱን ቀኖች ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን እጽፋቸዋለሁ። ያን ቀን ብዙ ጥያቄ የሚጠይቁኝ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎቼ ናቸው። ልጅህ ሐበሻም ጥቁርም መሆን ይችላል። አንዱ ሌላውን አያስወጣውም።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ ዘር የሚባለው ነገር በሳይንስ አለ?

መልስ፦ የቆዳ ቀለም ልዩነት አለ። እሱም አባቶቻችን ለብዙ ሺህ ዓመታት ምን ያህል ፀሐይ ሲያገኙ እንደኖሩ ነው የሚናገረው። የትኛውም ሁለት ሰው በዘረመሉ 99.9 ከመቶ ያህል አንድ ነው። የቀረችዋም ልዩነት በብዛት የምትገኘው እዚያው አንድ «ዘር» በሚባለው ሕዝብ ውስጥ ነው። ሳጥኖቹን የሠራው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ያለፈው አልፏል። ለምንድን ነው በየዓመቱ የሚቆፍሩት? ልጆቹን ቂም ማስተማር አይሆንም?

መልስ፦ አልፏል የምንለው መቼ ያለፈውን ነው? ቨርጂኒያ ውስጥ ፋርምቪል የምትባል ከተማ አለች። ከዲሲ በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ናት። በ1951 የጥቁሮቹ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከአቅሙ በላይ ሞልቶ ነበር። ከፊሎቹ የሚማሩት በሬንጅ ወረቀት በተሸፈኑ ዳሶች ውስጥ ነው። ባርባራ ጆንስ የምትባል የ16 ዓመት ልጅ ተማሪዎቹን አስተባበረችና ክፍል ጥለው ወጡ። ከዚያ የተነሳው ክስ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1954 በትምህርት ቤት መለያየትን ከሻረባቸው አምስት መዝገቦች አንዱ ሆነ።

አውራጃው ምን አደረገ? ጥቁርና ነጭ አብረው ከሚማሩ ብሎ በ1959 የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹን በሙሉ ዘጋ። እስከ 1964 አልከፈታቸውም። ለነጮቹ ልጆች የግል ትምህርት ቤት ተቋቋመላቸው። ብዙ ጥቁር ልጆች ቤት ዋሉ። ሲዘጋ ስድስት ዓመቱ የነበረ ልጅ ሲከፈት 11 ሞልቶታል። ያ ልጅ ዛሬ በ70ዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ነው። የልጅ ልጁ ከልጅሽ ጋር አንድ ክፍል ሊቀመጥ ይችላል። ይህን ማወቅ ቂም አይደለም። አጠገባቸው የተቀመጠው ልጅ አያት ምን እንዳሳለፉ ማወቅ ነው።

ጥያቄ፦ ቢሆንም የእኛ ታሪክ አይደለም። እኛ በዲቪ ነው የመጣነው።

መልስ፦ በዲቪ እንድንመጣ በሩን ማን ከፈተው? በ1924ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ለኢትዮጵያ የተፈቀደው በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር። ሕጉ የተቀረጸው ከሰሜንና ከምዕራብ አውሮፓ የሚመጣው እንዲበዛ ነው። ያ የኮታ ሥርዓት የተሻረው በ1965 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ዓመት የሲቪል መብቶች ሕግ የጸደቀበት ነው፤ የመምረጥ መብት ሕግም በዚያው በ1965 ወጣ። ጥቁር አሜሪካውያን በውሻ እየተነከሱ፣ እየታሰሩ ያስለወጡት አገር ነው እኛን የተቀበለን። እኔ ይህን ያወቅሁት እዚህ ኮሌጅ ገብቼ ነው። እስከዚያ ድረስ በራሴ ጥረት ብቻ የመጣሁ ይመስለኝ ነበር።

ጥያቄ፦ ቴሌቪዥን ላይ «ክሪቲካል ሬስ ቲዎሪ» እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ልጆቼን ይህን ነው የምታስተምሯቸው?

መልስ፦ አይደለም። እሱ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ በሕግ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የተነሳ የጥናት መስክ ነው። ዴሪክ ቤልና ኪምበርሌ ክሬንሾው የሚባሉ የሕግ ምሁራን ይጠቀሱበታል። ሕጉ ከተለወጠ በኋላ ልዩነቱ ለምን አልጠፋም ብሎ ይጠይቃል። የእኔ ተማሪዎች ገና የእርስ በርስ ጦርነቱን ነው የሚማሩት።

ጭቅጭቁ ግን ውጤት አለው። ኦክላሆማና ቴክሳስ በ2021፣ ፍሎሪዳ በ2022 መምህራን ስለ ዘር የሚያስተምሩትን የሚገድብ ሕግ አወጡ። ፍሎሪዳ በ2023 አዲሱን የጥቁር አሜሪካውያን ጥናት ኮርስ አልቀበልም አለች። በዚያው ዓመት ባወጣችው መመሪያ ውስጥ፣ በባርነት የነበሩት ሰዎች የተማሩት ሙያ አንዳንዴ ለራሳቸውም ይጠቅም ነበር የሚል ገባበት። እኔ ይህን ሳነብ እጄ ነው የተንቀጠቀጠው። ነጭ ልጅ በቆዳው እንዲያፍር መደረግ የለበትም፤ በዚህ ከወላጆቹ ጋር እስማማለሁ። ግን መምህር ሲፈራ መጀመሪያ የሚተወው ከባዱን ገጽ ነው። ስለዚህ የትኛውም ስቴት ብትኖሩ የልጃችሁን መጽሐፍ ገልጣችሁ እዩት።

ጥያቄ፦ የ5ኛ ክፍል ልጄን አስተማሪዋ «ባሪያ ሆነህ ተጫወት» ብላው አለቀሰ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይዞሽ። ይህን ዓይነት ጨዋታ ዛሬ ልምድ ያለው የታሪክ መምህር አያሠራም። የሰውን ስቃይ ማጫወቻ ያደርገዋል፤ ሸክሙም ክፍሉ ውስጥ ባሉት ጥቁር ልጆች ላይ ይወድቃል። የእኔም ልጅ ላይ ደርሷል። ያኔ ተናድጄ ቢሮ ገብቼ ጮህኩ። ምንም አልጠቀመኝም።

አንቺ በኢሜይል ጀምሪ። ቀኑን፣ የተባለውን ቃልና ልጁ የሆነውን ብቻ ጻፊ። በአማርኛ ጻፊው ግድ የለም። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ወላጅን በሚገባው ቋንቋ ማነጋገር አለበት። አስተርጓሚ በነፃ ጠይቂ። ልጅሽን እንዲያስተረጉም አታድርጊው፣ አደራ። ከአስተማሪዋ መልስ ካጣሽ ለርዕሰ መምህሩ፣ ከዚያ ለዲስትሪክቱ።

ጥያቄ፦ ወንዱ ልጄ ከጓደኞቹ ጋር «በኤን» በሚጀምረው፣ ጥቁሮችን መስደቢያ በሆነው ቃል ይጠራራል። ዘፈን ላይ ነው የሰማው።

መልስ፦ አስቁሚው። ስታስቆሚው ግን ምክንያቱን ንገሪው፤ ቃሉ ሲባል የኖረው ሰው ሲሸጥና ሰው ሲሰቀል ነው። ቁጣ ብቻውን ቃሉን ከቤት ወደ መንገድ ነው የሚያወጣው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ 71 ዓመቴ ነው። እኛ አገር እኮ እንዲህ ያለ በቀለም መናናቅ አልነበረም። ልጆቹ ይህን ከዚህ ነው የለመዱት።

መልስ፦ እማማ፣ ይቅር ይበሉኝና አልስማማም። «ባሪያ» የሚለው ስድብ ከእኛው አፍ ነው የወጣው። «ሻንቅላ»ም እንዲሁ። ባርነት እኛ አገር በሕግ የተሻረው በ1942 ነው፤ በእኛ 1934። እርስዎ ከመወለድዎ በፊት ብዙም አይርቅም። እኔ ራሴ ሕፃን ሲወለድ «ጆሮዋን እዩት፣ ልትጠቁር ነው» ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ። ሁሉም ይስቃል። ክፍሉ ውስጥ ጥቁር የሆነችው ታላቅ እህቷም አብራ ትስቃለች። ያቺ ልጅ ምን እንደተሰማት የጠየቃት የለም።

የአሜሪካው ሥርዓት የራሱ ታሪክ አለው፤ የእኛም የራሱ። ለልጅ ልጆችዎ ሁለቱንም ይንገሯቸው። ከእርስዎ አፍ ሲሰሙት ይለያል።

ጥያቄ፦ 16 ዓመቴ ነው። አማርኛ መጻፍ ብዙ አልችልም፣ የአክስቴ ልጅ ጻፈችልኝ። እናቴ «ከእነዚህ ጥቁሮቹ ጋር አትዋዪ» ትላለች። ምርጥ ጓደኛዬ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ምን ልበላት?

መልስ፦ የእኔ ቆንጆ፣ ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። እናትሽ ፈርታ ነው። አዲስ አገር የመጣ ሰው ስለ ጎረቤቱ የሚሰማው ከቴሌቪዥን ነው፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ደግ ነገር አላሳያትም። ተከራክረሽ አታሸንፊያትም።

ስለ ዶክተር መላኩ በያን ንገሪያት። የንጉሡ ዘመድ ነው። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ በ1935 ተመረቀ። ያገባት ዶሮቲ ሃድሊ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ጣልያን ኢትዮጵያን ሲወር እዚህ አገር እየዞረ እርዳታ ሰበሰበ። በ1937 ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋመ። ሀርለም የሚባለው የኒውዮርክ የጥቁሮች ሰፈር ሰዎች ገንዘብ አዋጥተውልናል። ጆን ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ለእኛ በርሯል።

ከዚያ ቅዳሜ እናትሽ ቡና ስታፈላ ጓደኛሽን ይዘሻት ነይ። ጫማዋን በር ላይ እንድታወልቅ፣ «ጤና ይስጥልኝ» ማለትንም መንገድ ላይ አስተምሪያት። ፈንዲሻውን እሷ ታቅርብ። ሦስተኛው ስኒ ሳይደርስ አትነሱ።